ስልኩ አልጮህ ላላቸው ተመራቂዎች፦ ሲቪንና ሥራ ፍለጋን ከሥሩ ማስተካከያ

እኛ አገር «አልተቀበልንህም» የሚል ደብዳቤ ብዙም አይመጣም። የሚመጣው ዝምታ ነው። ማስታወቂያው ራሱ «የምንደውለው ለተመረጡት ብቻ ነው» ብሎ ስለጨረሰ፣ ስልኩ ካልጮኸ መልሱ ያው ነው። እኔ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ በኋላ 11 ወር በዚህ ዝምታ ውስጥ ቆይቻለሁ። ሌሊት እንኳ የስልኬን ድምፅ አልዘጋም ነበር። እናቴ ምንም አትለኝም። ግን ጠዋት ስወጣ «ዛሬስ ወዴት ነው?» ስትለኝ ልቤ ይወርድ ነበር።

በኋላ ሥራ አገኘሁ። የሠራሁበት ድርጅት ቅጥር ሲበዛበት፣ ሰው ሀብት ክፍል ማመልከቻ በመመዝገብ እንዳግዝ ጠየቀኝ። እኔ ስልክ ስጠብቅበት የነበረውን ነገር ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ለአክስቴ ልጅ፣ ለሰፈር ልጆች፣ ለጓደኞቼ ታናናሾች ሲቪ ሳስተካክል ቆይቻለሁ። እዚህ የምጽፈው ለእነሱ የምነግራቸውን ነው።

1. መጀመሪያ የት ላይ እንደምትወድቁ እወቁ

ብዙ ሰው ሲሰለቸው የሚያደርገው ሲቪውን ማሳመር ነው። ቀለም ይቀይራል፣ ፎቶ ይጨምራል። ችግሩ ግን ሲቪው ላይ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ደብተር ያዙ። ኤክሰል የሚቀላችሁ በኤክሰል አድርጉት። ቀን፣ ድርጅት፣ የሥራ መደብ፣ ማስታወቂያውን ያገኛችሁበት ቦታ፣ የተጠየቀው የሥራ ልምድ፣ እና እስከ የት እንደደረሳችሁ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ከአራት ቃላት አንዱን ጻፉ፦ ዝምታ፣ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ተጠባባቂ።

ያለፈውንም መልሳችሁ ሙሉት። ኢሜይላችሁ ውስጥ የተላኩት ማመልከቻዎች ቁጭ ብለዋል። በአካል ያስገባችሁትን ደግሞ የምታስታውሱትን ያህል ጻፉ።

ከዚያ ቁጠሩ። 30 ቦታ አመልክታችሁ 30ውም ዝምታ ከሆነ፣ የቃለ መጠይቅ ቪዲዮ እያያችሁ ጊዜ አታጥፉ። እዚያ ገና አልደረሳችሁም። ችግሩ ወይ ሲቪው ነው፣ ወይ የምታመለክቱበት ቦታ ነው። ለፈተና እየተጠራችሁ ከዚያ የምትቀሩ ከሆነ ሲቪያችሁ ሥራውን ሠርቷል፤ እሱን ተዉትና ለፈተናው አጥኑ። ቃለ መጠይቅ ላይ እየደረሳችሁ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ቀርባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቅ ተመልከቱ። ከ30ው ስንቱ «0 ዓመት» ይል ነበር? የአክስቴ ልጅ ደብተሯን ስትሞላ፣ ካመለከተችባቸው ቦታዎች ከግማሽ በላይ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ የሚጠይቁ ሆነው ተገኙ። «ተስፋ ቆርጬ ያገኘሁት ላይ ሁሉ ነው የምልከው» አለችኝ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እነዚያን ዝምታዎች ግን እንደ ውድቀት መቁጠር የለባችሁም። መጀመሪያውኑ የእናንተ አልነበሩም።

2. ሲቪውን የሚያየው ሰው ኤክሰል እየሞላ ነው

ይህንን ቀደም ብሎ ማንም አልነገረኝም።

ማመልከቻ ሲመዘገብ አንድ ሰው ኤክሰል ከፍቶ ይቀመጣል። ዓምዶቹ የታወቁ ናቸው፦ ሙሉ ስም፣ ጾታ፣ የትምህርት ዓይነት፣ የተመረቀበት ዩኒቨርሲቲና ዓመት፣ ሲጂፒኤ፣ የሥራ ልምድ፣ ስልክ። በአንድ ማመልከቻ አንድ መስመር ይሞላል። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር አለ፣ ኢሜይሉም ሞልቷል። እኔ ስሠራ ለአንዱ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ የማጠፋው መረጃው ሲጠፋብኝ ብቻ ነበር። ሎንግ ሊስት የሚባለው ይህ ነው። አለቃው ሾርት ሊስት የሚያወጣው ከዚህ ኤክሰል ላይ ነው፤ ሲቪውን ገልጦ የሚያነበው በኋላ፣ ለቀሩት ጥቂቶች ነው።

ስለዚህ እነዚያ ሰባት ነገሮች በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከላይኛው ግማሽ ውስጥ፣ ሳይፈለጉ መታየት አለባቸው። ሲጂፒኤው ሦስተኛው ገጽ ላይ ከሆነ፣ የደከመው መዝጋቢ ባዶ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆችን ሲጎዱ ያየኋቸው ሦስት ጥፋቶች አሉ።

የመጀመሪያው ዓመተ ምሕረት ነው። ሲቪው በእንግሊዝኛ ተጽፎ የምረቃ ዓመቱ 2016 ይላል። ልጁ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። መዝጋቢው ግን በፈረንጅ አስቦ ስምንት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። በሐምሌ 2016 የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛው ሲቪ ላይ 2024 ብሎ ይጻፍ። ሁሉንም ቀን በአንድ አቆጣጠር አድርጉት።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ ሌላ፣ ሲቪው ላይ ሦስተኛ። ለሲቪው ዲግሪው ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ውሰዱ።

ሦስተኛው ስልክ ነው። አንዲት ልጅ ተመርጣ ስንደውል ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆነ። ኢንተርኔት ቤት ስታስጽፍ አንድ ቁጥር ተሳስቷል። ኢሜይል ጻፍንላት፤ ስታየው ፈተናው አልፎ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አሁኑኑ ሲቪያችሁን ክፈቱና ቁጥሩን ከሲቪው ላይ እያያችሁ በሌላ ሰው ስልክ ደውሉበት። ስልካችሁ ከጮኸ ትክክል ነው። ሁለተኛ ቁጥርም ጨምሩ፤ የወንድም ወይም የእህት ቢሆንም ችግር የለውም።

3. ሲቪውን እንደገና መጻፍ

የሚወጣውን መጀመሪያ እናውጣ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስም ይውጣ። ሃይማኖት ይውጣ። «ፈታኝ በሆነ የሥራ አካባቢ እውቀቴን ተጠቅሜ ለድርጅቱ ዕድገት አስተዋጽኦ ማድረግ» የሚለው ዓላማ ይውጣ፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ከሰው ሲቪ ወደ ሰው ሲቪ እየተገለበጠ ስንት ዓመት እንደኖረ እንጃ። ለቋንቋ ተብሎ የሚሰመረው፣ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ እያለ ገጹን የሚበላው ሰንጠረዥም ይውጣ። በአንድ መስመር «አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ እንግሊዝኛ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለጀማሪ ሁለት ገጽ ይበቃል፤ አንድ ገጽ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

በዓላማው ቦታ ሁለት መስመር ጻፉ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን መሥራት እንደምትችሉ፣ ለየትኛው መደብ እንደምታመለክቱ። ለምሳሌ፦ «በ2024 በአካውንቲንግ የተመረቅኩ፣ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር መመዝገብና የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ የምችል፤ ለጀማሪ አካውንታንት መደብ አመለክታለሁ።» የመደቡ ስም በየማስታወቂያው ይቀየራል። ማስታወቂያው «ጁኒየር አካውንታንት» ካለ እናንተም እሱኑ ቃል ተጠቀሙ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ልምድ የለኝም፤ ምን ልጻፍ?» የሚለውን ከሁሉም ሰው እሰማለሁ። የአክስቴ ልጅ ሲቪ ላይ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አንድ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የተግባር ልምምድ፣ 2 ወር።» በቃ። ቁጭ አልንና ጠየቅኳት።

«ምን ነበር የምትሠሪው?»

«ምንም። ደረሰኝ ነበር የሚሰጡኝ።»

«ደረሰኙን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«በየቀኑ እደረድረዋለሁ። ከዚያ ገንዘብ ያዧ ከጻፈችው ጋር አያለሁ፣ ይገጥም እንደሆነ።»

«በቀን ስንት ይሆናል?»

«አርባ፣ አንዳንዴ ስልሳ።»

«የማይገጥም አግኝተሽ ታውቂያለሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ሁለት ጊዜ። አንዴ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ ነበር። ለአለቃዬ አሳየኋት፣ አስተካከለችው።»

ይህ ልጅቷ «ምንም» ያለችው ሥራ ነው። ሌላ ሌላውንም ጠየቅኳትና አዲሱ አጻጻፍ እንዲህ ሆነ፦ «በየቀኑ ከ40 እስከ 60 የሽያጭ ደረሰኝ ከገንዘብ ያዥ መዝገብ ጋር አመሳክሬአለሁ። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ደረሰኝ ለይቼ ለኃላፊ በማሳወቅ እንዲስተካከል አድርጌአለሁ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለባቸውን ሽያጮች ለይቼ ለወርሃዊ ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ።» አንድም ውሸት የለበትም። ቁጥር አለው፣ የሠራችው ሥራ አለው፣ የተገኘው ውጤት አለው።

እናንተም እንደዚህ አድርጉ። ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥና ይጠይቃችሁ፤ ለብቻ ሲሆን «ምንም» ማለት ይቀላል። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ስንጀምር የሠራነውን ትተን የምናውቀውን ዓረፍተ ነገር ነው የምንጽፈው። አማርኛው ካለቀ በኋላ አጭር አድርጋችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ቻትጂፒቲ እንግሊዝኛውን ቢያርምላችሁ ጥሩ ነው። ያልሠራችሁትን እንዲጨምር ግን አትፍቀዱለት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

የልምምድ ጊዜ ብቻም አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ስትሠሩ ለስንት ሰው መጠይቅ በተናችሁ? መረጃውን በምን ተነተናችሁ፣ በኤክሰል ወይስ በኤስፒኤስኤስ? በክረምት ልጆች አስጠንታችኋል? የቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ ይዛችኋል? የክበብ ገንዘብ ያዥ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? የሰፈር ዕቁብ ጸሐፊ የነበረ ልጅ አውቃለሁ። ለ24 ሰው በየሳምንቱ እየመዘገበ፣ አንድም ብር ሳይጎድል ዓመት የጨረሰ። ሲቪው ላይ አልነበረም። «ይህ ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ሥራ ነው፤ ለገንዘብ ያዥነት ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ?

ሲጂፒኤ ዝቅ ያለባችሁ አትደብቁት። መዝጋቢው ከቴምፖው (ከጊዜያዊ ዲግሪው) ወይም ከስቱደንት ኮፒው ላይ ያገኘዋል፤ የተደበቀ ሲመስለው ደግሞ ይከፋል። በመውጫ ፈተናው ከማለፊያው ከ50 በመቶ ብዙ ከፍ ያለ ውጤት ካላችሁ ግን አጠገቡ ጻፉት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በአገር ደረጃ ስለሚሰጥ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁን የማያውቅ ቀጣሪ እንኳ ያንን ቁጥር ይረዳዋል።

ምስክር አድርጋችሁ የምትጽፏቸውን ሰዎች አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የሁለት መምህራን ስም ከምትደረድሩ፣ ልምምድ ላይ ያያችሁ አንድ አለቃ ይበልጣል።

4. አላላክ

ፋይሉን በፒዲኤፍ አድርጉት። ስሙ «ሲቪ ፋይናል 3» አይሁን፤ የእናንተ ስምና የመደቡ ስም ይሁን። ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒና ሌላውን ማስረጃ በስልክ ስካነር አንስታችሁ በአንድ ፒዲኤፍ ሰብስቡ። በጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ ማያያዝ አይቻልም፤ ከ5 በታች አድርጉት። የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የመደቡን ስም፣ ማስታወቂያው ቁጥር ካለው ቁጥሩንም ጻፉ። መልእክቱን ባዶ አትላኩ፤ አምስት መስመር በቂ ነው። በአካል የምታስገቡ ከሆነ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» የሚለውን በቁም ነገር ያዙት። ኮፒው ይነበብ፣ በቅደም ተከተል ይያያዝ።

5. የት ነው የምትፈልጉት?

የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡትን ኢትዮጆብስን፣ ሀሁ ጆብስን፣ አፍሪወርክን፣ የቴሌግራም ቻናሎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ለአዲስ ተመራቂ የተዘጋጀው «ደረጃ» ላይም ተመዝገቡ። የሪፖርተርን የረቡዕና የእሑድ ዕትም፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ አዲስ ዘመንን ተመልከቱ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበው ሰው ለከንቱ አይደለም የሚቀመጠው፤ ኦንላይን የማይወጣ ማስታወቂያ አሁንም አለ። ቻናል ላይ ያያችሁትን ከመላካችሁ በፊት ቀኑን አረጋግጡ። «በ7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው፣ እናንተ ካያችሁበት ቀን አይደለም።

«ሁሉም በዘመድ ነው» የሚለውን አውቃለሁ። በዘመድ የሚሞላ ቦታ አለ፤ ያንን ክጄ ላጽናናችሁ አልፈልግም። ግን ሰው ማወቅ ማለት ሁልጊዜ ባለሥልጣን አጎት ማለት አይደለም። ከእናንተ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቀድመው የተመረቁ የዲፓርትመንታችሁ ልጆች አሁን የሆነ ቦታ ይሠራሉ። እነሱን ፈልጉ። ሥራ ስጡኝ አትበሉ፤ መረጃ ጠይቁ። የማታውቁት ሰው ከሆነ እንዲህ ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዓመት እርስዎ ከተማሩበት ዲፓርትመንት ተመርቄአለሁ። አሁን በሚሠሩበት ድርጅት ጀማሪ አካውንታንት ሲቀጠር ፈተናው በምን ላይ እንደሚያተኩር፣ ማስታወቂያውም በየት እንደሚወጣ ቢጠቁሙኝ በጣም አመሰግናለሁ። ጊዜዎን ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ለአሥር ሰው ብትጽፉ ሦስቱ ሊመልሱ ይችላሉ። ከሦስቱ አንዱ «ሲቪህን ላክልኝ» ሊል ይችላል። እኔ ከመጀመሪያው ሥራዬ ማስታወቂያ ጋር የተገናኘሁት እንደዚህ ነው።

ለምዝገባ፣ ለፎርም፣ ለሥልጠና ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቃችሁን ግን ወዲያው ተዉት። 300 ብርም ቢሆን። ቀጣሪ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ አይለቅምም። የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የስልክ ይለፍ ቃልም ለማመልከት አያስፈልግም።

6. አንድ ክፍተት ብቻ ሙሉ

ደብተራችሁ ላይ ከመዘገባችኋቸው ማስታወቂያዎች «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን ደግማችሁ አንብቡ። የሚደጋገመውና እናንተ የሌላችሁ ምንድን ነው? ለአካውንቲንግ ልጅ ብዙ ጊዜ ፒችትሪና ኤክሰል ነው። ለሌላው ሊለይ ይችላል። እሱን አንዱን ብቻ በሁለት ወር ተማሩ። ፕሮግራሚንግ ወይም ዳታ ሳይንስ ለሚፈልግ የ«5 ሚሊዮን ኮደርስ» የኦንላይን ኮርሶች በነፃ ናቸው፣ ሰርተፊኬትም አላቸው። አራት ሰርተፊኬት ከመሰብሰብ በአንዱ የሠራችሁትን ነገር ማሳየት ይሻላል።

7. ፈተናውና ቃለ መጠይቁ

የባንኮች የጀማሪ ፈተና ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄ ይበዛበታል። የሚከብደው ጥያቄው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ስለዚህ በስልካችሁ ሰዓት ይዛችሁ፣ ያለ ካልኩሌተር ተለማመዱ። በመቶኛ፣ በሬሾ፣ በሰንጠረዥ ንባብ ላይ በቀን 30 ደቂቃ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለራስህ ንገረን» ሲሉ የትውልድ ቦታና የወንድም እህት ቁጥር አይጠየቅም። ያንኑ የደረሰኝ ታሪክ ንገሯቸው። የአክስቴ ልጅ መስታወት ፊት ሳይሆን እናቷ ፊት ነበር የተለማመደችው። አክስቴ ስለ ሒሳብ ምንም አታውቅም፤ እሷ ከገባት ለማንም ይገባል።

«ስንት ደመወዝ ትጠብቃለህ?» ሲባል «የሰጣችሁኝን» አትበሉ። እዚያ ዘርፍ ላይ ለጀማሪ የሚከፈለውን አስቀድማችሁ ከሁለት ሰው ጠይቁና ከዚህ እስከዚህ በሉ። ስትናገሩ ግሮስ ይሁን ኔት ለዩ። ግብርና የግላችሁ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

8. ከ«አይ» በኋላ መደወል

ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ደርሳችሁ ከቀራችሁ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደውሉ። እኔ አንዴ እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ለጀማሪ አካውንታንት ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። ቅጥሩ እንዳለቀ ሰምቻለሁ። ቅሬታ የለኝም፤ ምን ላይ ብሻሻል እንደሚበጀኝ ቢነግሩኝ ብዬ ነው» አልኩ። ሴትየዋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወረቀት ስትገልጥ ሰማሁ። «ሦስተኛ ነህ። የወሰድነው ሁለት ነው። ተጠባባቂ ላይ አለህ» አለችኝ። ያን ቀን ደብተሬ ላይ «ቃለ መጠይቅ» ይል የነበረው ቃል ወደ «ተጠባባቂ» ተቀየረ።

ሁሉም እንደሷ አይመልሱም። «እናስታውቃለን» ብለው የሚዘጉም አሉ። አትከራከሩ፣ አመስግኑና ቀጣዩ ላይ ሂዱ።

በሳምንት 40 ቦታ ዝም ብሎ ከመላክ 6 ቦታ በደንብ ማመልከት ይሻላል። ሁለት ቀን ለማመልከት፣ አንድ ቀን ለሰዎች ለመጻፍ፣ ሁለት ቀን ለመማር። እሑድን ተዉት። ቤት ውስጥ «እስካሁን ምንም የለም?» ለሚሏችሁ ደብተሩን አሳዩአቸው። አባቴ የእኔን ሲያይ «ይህን ሁሉ?» አለና ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ጥሪው ሲመጣ ደግሞ ቶሎ ይፈጥናል። ገንዘብ ነክ ለሆነ መደብ ተያዥ ይጠየቃል፤ ተያዡም ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ያ ደብዳቤ ለመውጣት ቀናት ይወስዳል። አጎት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ ከሆነ ሥራው ሳይመጣ አሁኑኑ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ ቢሳካልኝ ተያዥ ይሆኑኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ውል ስትፈርሙ የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ መቀመጡን እዩ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። የውሉንም አንድ ኮፒ ተቀብላችሁ ውጡ።